ሐቁን ስጡት፣ ፊቱን ተዉለት



ሻዕባን ተጋምሷል፤ ጣቢያዎችም የረመዷን ማስታወቂያቸውን ጀምረዋል። ከዐስር በኋላ ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው ምን እንደሚያይ ሁላችንም እናውቀዋለን። አዘጋጁ ከሕፃኑ ፊት ይንበረከካል፤ ማይክራፎኑን ወደ አፉ ያስጠጋል። «አባትህ ሲሞት ስንት ዓመትህ ነበር?» ልጁ ይመልሳል። «ይናፍቅሃል?» ልጁ አንገቱን ይደፋል። አዘጋጁ ግን አይለቀውም፤ እንባው ገና አልወረደምና። «በዒድ ቀን የጓደኞችህ አባቶች አዲስ ልብስ ሲገዙላቸው ስታይ ምን ይሰማሃል?» ይሄኔ ልጁ ያለቅሳል። ካሜራው ይጠጋል፣ ከበስተጀርባ ነሺዳው ከፍ ይላል፣ ከታች የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይወጣል። ስልኩም መጮኽ ይጀምራል።

ይህ የሙስሊም ጣቢያዎች ብቻ ጠባይ አይደለም። በበዓላት ሰሞን በሌሎችም ጣቢያዎች ያው ነው፤ በቲክቶክ ላይቭማ ብሶበታል። እኛ ግን ከቤታችን እንጀምር።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ፤ በኋላ «እነዚህ ሰዎች ሰደቃ አትስጡ አሉ» እንዳይባል። በአደባባይ ለችግረኛ መሰብሰብ ሐራም ነው የሚል ቃል ከእኛ አይወጣም። በአል-በቀራህ ምዕራፍ 271ኛው አንቀጽ ሰደቃን ገልጦ መስጠትም መልካም እንደሆነ፣ ሰውሮ ለድኾች መስጠት ግን ይበልጥ በላጭ እንደሆነ ተነግሮናል። ሁለቱም በር ክፍት ነው። እንዲያውም የአደባባይ ማሰባሰቢያ ከራሳቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተገኘ ሱና ነው። ጀሪር ኢብን ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። ከሙደር ጎሳ የሆኑ ሰዎች ባዶ እግራቸውን፣ መሐሉ የተቀደደ የሱፍ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አጥልቀው ወደ ነቢዩ መጡ። ነቢዩ ችግራቸውን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቤት ገቡ፣ ወጡ፣ ቢላልን አዛን እንዲያደርግ አዘዙ፣ አሰገዱ፣ ከዚያም ኹጥባ አደረጉ። ሰው ከዲናሩም ከዲርሃሙም፣ ከልብሱም ከስንዴውም ከተምሩም እንዲሰጥ፣ ግማሽ የተምር ፍሬም ብትሆን እንዲያመጣ ተናገሩ። አንድ አንሷሪ ሊሸከመው እጁን የከበደው ከረጢት ይዞ መጣ። ሌላው ተከተለው፣ ሌላውም ተከተለ። የእህልና የልብስ ሁለት ክምር ቆመ። የነቢዩም ፊት በደስታ አበራ።

ልብ በሉ! የሙደር ሰዎች እዚያው ናቸው፤ ከኹጥባው እርምጃ አይርቁም። ነገር ግን ሐዲሱ ውስጥ አንዳቸውም ተነሥተው ችግራቸውን ለሰዉ እንዲናገሩ የታዘዙበት ቦታ የለም። የተናገሩት ነቢዩ ናቸው። የጠየቁት ነቢዩ ናቸው። ልመናውን በራሳቸው ላይ ወሰዱት። ከ1400 ዓመት በኋላ የእነዚያን ሰዎች ጎሳ እናውቃለን፤ አንዳቸውንም በስም አናውቅም።

የዛሬው ነገር ተገልብጧል። ደዋዩ «ስሜ ይቆይ» ይላል፤ አዘጋጁም «ማሻአላህ፣ ኢኽላስ ማለት ይህ ነው!» ብሎ ያደንቀዋል። ልጁ ግን ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ሰፈሩ፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ የሚተኛበት ፍራሽ ሳይቀር ይነገራል። የሰጪው ስም ተሸፍኖ የተቀባዩ ገመና ይገለጣል። ይህን ሱና የሚያደርግልን ማስረጃ ካለ ያምጡልን፤ እንማራለን።

ከዒሻ በኋላ በመስጂዱ ግቢ የሚሰጠንን መልስ አስቀድመን እናውቀዋለን። «ኡስታዞች፣ የምትሉት እውነት ነው፤ ግን ሰው ካላየ አይሰጥም።» ይህን የሚለው ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ ራሱ የሚሮጥ፣ ለየቲሞች ደብተርና ዩኒፎርም ሲያዞር የሚውል ሰው ነው። ድካሙን አላህ ይቀበለው። አባባሉ ግን፣ ሳያስበው፣ በጀመዓው ላይ ከባድ ክስ ነው። የሙስሊም ልብ በትንሽ ልጅ እንባ ካልራሰ በቀር አይከፈትም ማለቱ ነው። ክሱ እውነት ነውን?

በየሰፈራችን የቆሙትን መስጂዶች ተመልከቱ። ማን አለቀሰላቸው? ኮሚቴው ፕላኑን በፍሬም አድርጎ በሩ ላይ ሰቀለ። ይህን ያህል ኩንታል ሲሚንቶ፣ ይህን ያህል ብረት ይቀረናል አለ። ጁምዓ ቀን በሶፉ መሐል ጨርቅ ተዘረጋ። እናቶች ጉትቻቸውን አወለቁ። የቀን ሠራተኛው የዕለቱን ደመወዝ አስቀመጠ። ብረት «አባቴ ናፈቀኝ» አይልም፤ ሲሚንቶም አያለቅስም፤ ሚናራው ግን ቆመ። የአገሩን ጉዳይም እንይ። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ የተጣለውን የህዳሴ ግድብ ሕዝቡ ቦንድ ገዝቶ፣ የወር ደመወዙን ሰጥቶ (ሳይጠየቅ የተቆረጠበትም እንደነበረ ሳንረሳ)፣ በ8100 የሞባይል መልእክት እየላከ አገዘ። እኛም ከሌላው ወገናችን እኩል ሰጠን። ግድቡ አላለቀሰም። ሰው የሰጠው ምን እንደሚሠራበት ስለ ተነገረው ነው።

ታዲያ ለሕንፃ ሲሆን ፕላንና ሒሳብ የሚበቃው ሕዝብ፣ ለልጅ ሲሆን እንባ ካላየ አይሰጥም የተባለው ለምንድን ነው? መልሱ መራራ ነው፤ እንባ ርካሽ ስለሆነ ነው። በዚህ ሰፈር ይህን ያህል የቲም አለ፣ ለአንዱ በዓመት ለቀለብ፣ ለትምህርትና ለሕክምና ይህን ያህል ይፈጃል፣ ይህን ያህሉን ዘመድ ይችላል፣ ይህን ያህሉ ይጎድላል ብሎ ለመናገር ቤት ለቤት መዞር፣ መመዝገብ፣ ማስላት፣ በየስድስት ወሩ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። ልጅ ማስለቀስ ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ካሜራ ሁሉ ክፉ ነው አንልም። ይህን ብንል የአገራችን ታሪክ ይመሰክርብናል። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ ቀርጾ ባያሳይ ኖሮ፣ የዘውዱ መንግሥት የሸሸገው እልቂት እንደ ተሸሸገ በቀረ ነበር። ደርግም ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ተራው የደርግ ሆነ። መስከረም 1977 ላይ ዐሥረኛውን የአብዮት በዓልና የኢሠፓን ምሥረታ በድግስ ሲያከብር፣ በወሎና በትግራይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ያንን መጋረጃ የቀደደው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ያሳየው የኮረም ምስል ነው። ዘጋቢው ማይክል በርክ ነበር፤ ካሜራውን የያዘው ግን ሙሐመድ አሚን፣ ናይሮቢ የተወለደ ሙስሊም ወንድማችን ነው። ይህ ሰው ኅዳር 14 ቀን 1989 ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። አላህ ይዘንለት። በካሜራው ሰበብ ብዙ ነፍስ ተርፏል፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው።

ነገር ግን ከምስሉ በኋላ የመጣውንም እናስታውስ። እነ ቦብ ጌልዶፍ በዚያው ሰሞን፣ ለፈረንጆች ገና፣ ለተራቡት የእርዳታ ዘፈን አወጡ። የዘፈኑ ርእስ የተራቡት ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ከተራቡት መካከል ስንቱ የወሎ ሙስሊም ነበር! ገና በዓሉ አይደለም። ክርስቲያኑ ጎረቤቱ ደግሞ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ሲያከብረው የኖረ ነው። ማን እንደሆንን የጠየቀ አልነበረም፤ አጥንታችን ብቻ በቃቸው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 በለንደንና በፊላዴልፊያ በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ፣ የካናዳ ቴሌቪዥን የቀረጻት የአንዲት ትንሽ ልጅ ፊት ለዓለም ታየ። ልጅቱ ተረፈች፤ አል-ሐምዱሊላህ። አደገች፣ ኮሌጅ ገብታ ተማረች። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1997፣ ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ሲያወጧት ግን ያስተዋወቋት በዚያው በሞት አፋፍ በነበረው የልጅነት ፊቷ ነው። ተመልካቹ ዘንድ ያ ፊት ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። ባሕር ማዶ ሄዶ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ያለ ሁሉ የዚህን ጣዕም ያውቀዋል።

እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። የኮረሙ ካሜራ የገለጠው መንግሥት የደበቀውን ነው። የረመዷኑ ካሜራ የሚገልጠው አላህ የሸፈነውን ነው። የሰፈራችንን የቲም ረሀብ ማንም አልደበቀብንም። ልጁ ያለው ከቤታችን ሦስተኛው በር ላይ ነው። እሱን ለማየት ሳተላይት አያስፈልግም።

እኛ መድረሳ የምናስተምር ሰዎች ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ያለውን ነው የምናየው። የምናስተምረው አንድ ልጅ አለ፤ ስሙም ሰፈሩም ይቅር። ድምፁ የሚያምር፣ ጁዝእ ዐምማን ጨርሶ ተባረክን የጀመረ ልጅ ነው። አንድ ጣቢያ ቤታቸው ሄዶ ቀረጸው። ከጥያቄው ብዛት የተነሣ «ማታ ማታ እናቴ በልቻለሁ እያለች ትዋሸናለች» አለ። እውነቱን ነው የተናገረው። ገንዘቡም ተሰበሰበ፤ ለቤተሰቡ ዱቄት፣ ዘይትና ሦስት ሺህ ብር ደረሳቸው። ቪዲዮው ተቆራርጦ በቲክቶክ ዞረ። በሳምንቱ የክፍል ጓደኞቹ እረፍት ሰዓት ላይ ዳቦ እያሳዩ «በልተሃል? ወይስ እንደ እናትህ ትዋሻለህ?» ይሉት ጀመር። ልጆች ናቸው፤ ትልልቅ ሰዎች በእጃቸው ባስቀመጡላቸው ነገር ነው የተጫወቱት። እናቱ የጎረቤት ቡና መሄድ አቆመች። ልጁ ሁለት ሳምንት ቀረ። ሲመለስም ከኋላ መቀመጥ ጀመረ፤ ዛሬም ሒፍዙን ሲያሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዱቄቱ ባንድ ወር አለቀ።

«እናቱ ፈርማለች» ይሉናል። ጦሟን ያደረች እናት ዱቄት ይዞ በቆመ ሰው ፊት «አይሆንም» የምትለው በምን አቅሟ ነው? የልጇ ክብር ደግሞ የእሷ ንብረት አይደለም፤ አማና ነው። አንድ ቀን ልጁ አድጎ «ማን ፈቀደላችሁ?» ቢለን ፊርማዋን አውጥተን ልናሳየው ነው?

የአድ-ዱሓ ምዕራፍ የቲምን እንዳንበድል፣ ለማኝንም እንዳንገላምጥ ያዛል፤ የወረደውም ራሳቸው የቲም ሆነው ባደጉት ነቢይ ላይ ነው። በአል-በቀራህ 264ኛው አንቀጽ ሰደቃችንን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሸው ተከልክለናል። ሰጥቶ ካሳዘነ ሰደቃ ይልቅ መልካም ንግግር እንደሚሻልም ከእሱ በፊት ባለው አንቀጽ ተነግሯል። አንድ ልጅ በሺዎች ፊት ድህነቱን እንዲዘረዝር ማድረግ ማስከፋት ካልተባለ፣ ማስከፋት የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

ቀደምቶቹ እንዴት ይሰጡ እንደነበር መጽሐፎቻችን ይነግሩናል። ዘይኑል ዓቢዲን ዐሊይ ኢብን ሑሰይን በመዲና ሌሊት ሌሊት ዱቄት በጀርባቸው ተሸክመው በየድኻው ደጃፍ ያስቀምጡ እንደነበር ተዘግቧል። ሰዎቹ ከማን ሲመጣላቸው እንደኖረ ያወቁት እሳቸው ሞተው ዱቄቱ ሲቀርባቸው ነው፤ ገላቸው ሲታጠብም ጀርባቸው ላይ የሸክሙ ምልክት ተገኘ። መዲና ድረስ መሄድም አያስፈልግም። እናቶቻችን ለጎረቤት የቲም ምግብ ሲልኩ ሰሐኑን ሸፍነው፣ «ቅመሱልኝ ብላለች» አስብለው ነበር። ለልጁ ሳይሆን ለቤቱ እንደተላከ ሆኖ ይደርስ ነበር። ቴሌቪዥን ያልነበራቸው እነዚህ ሴቶች ስለ ሰው ክብር ከዛሬው ስቱዲዮ የበለጠ ያውቁ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣን ግን ነገሩ የተያዘበት ቃል ነው። «እርዱት»፣ «እዘኑለት»፣ «እጃችሁን ዘርጉለት» ይባላል። አል-መዓሪጅ ምዕራፍ ላይ፣ 24ኛውና 25ኛው አንቀጽ፣ በሰጋጆች ገንዘብ ውስጥ ለለማኝና ለተነፈገ ሰው የታወቀ ሐቅ እንዳለ ይናገራሉ። ሐቅ! ባለ ሐቅ ሐቁን ለመቀበል አያለቅስም። ገንዘቡን ሊቀበል የመጣን አበዳሪ «እስቲ መጀመሪያ አልቅስልኝ» የሚል ባለ ዕዳ አይተን አናውቅም። የቲሙ ግን የራሱን ገንዘብ ለመቀበል በየዓመቱ ይህን ይባላል።

ሒሳቡን እንሥራው። የዘካ ኒሷብ 85 ግራም ወርቅ ወይም ዋጋው ነው፤ ዓመት ከዞረበት ገንዘብ ከ40 አንድ፣ ማለትም 2.5 በመቶ ይወጣል። አንድ ሚሊዮን ብር ዓመት የዞረበት ነጋዴ 25 ሺህ ብር የድኻ ሐቅ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ይህ ሰው በቀጥታ ስርጭት ደውሎ 5 ሺህ ብር ሲሰጥ ስቱዲዮው በተክቢራ ይናወጣል። ሃያው ሺህ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማንም። ደውሎ መስጠት ከዘካ ነፃ ያወጣ የሚመስለው ስንት አለ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝን (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲልኩ ዘካው ከሀብታሞቻቸው ተወስዶ ወደ ድኾቻቸው እንዲመለስ ነው ያስተማሩት። እዚያው ለእዚያው። የመርካቶ ዘካ ለመርካቶ ጓሮ፣ የደሴ ለደሴ፣ የጅማ ለጅማ ቢደርስ ኖሮ፣ ካሜራው የሚቀርጸው ልጅ ፍለጋ በዞረ ነበር።

አዘጋጁ የማይጠይቃቸው ጥያቄዎችም አሉ። «ምን ይሰማሃል?» ይላል፤ «አባትህ እንዴት ሞተ?» የሚለው ላይ ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በሰሜን በተካሄደው ጦርነት ነው? በ2015 በሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ ተቃውሞ ባሰማንበት ሰሞን አንዋር መስጂድ አካባቢ በጥይት ከወደቁት አንዱ ነው? ቤታቸውን ያፈረሰው ማን ነው? እናቱ ለምን ሪያድ ሄደች? ይህ ከተጠየቀ ጣቢያው ለፈቃዱ ይፈራል፤ ስፖንሰሩም ይሸሻል። ስለዚህ ልጁ ከሰማይ የወረደ የቲም ይሆናል። በደሉ ተጠርጎ እንባው ብቻ ይቀራል።

የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ወላጅ አልባ ለሆኑ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግላቸው ደንግጓል። ልዩ ጥበቃ! በማሰባሰቢያው ፕሮግራም ላይ ግን ባለሥልጣን ከፊት ወንበር ተጋብዞ ሲያጨበጭብ እናያለን፤ «እርስዎስ ለዚህ ልጅ የተጻፈውን ሕግ የት አደረሱት?» ሲባል አናይም። እኛ ድምፃችን ይሰማ ብለን የተነሣነው መብታችንን ለመጠየቅ ነው፤ ሰደቃ ለመለመን አይደለም። ለራሳችን መብት እየጠየቅን ልጆቻችንን ለልመና የምናስቀምጥ ከሆነ የትኛውን ቃላችንን ሰው ይመን?

አሁን ደግሞ በወዲያኛው ጥግ ለተቀመጡት። «ሁሉም ሌባ ነው፤ እኔ ለነሱ አልሰጥም» የሚል ሰው በየመስጂዱ ግቢ አለ። ይህ ጽሑፍ ሲደርሰውም «ብያችሁ ነበር!» ሊል ነው። አንተን ለማስደሰት አልጻፍንም። ለእነሱ ካልሰጠህ ለማን ሰጠህ? ጎረቤትህ ያለችውን የቲም ስሟን ታውቃለህ? በተቡክ ዘመቻ ሰሞን ብዙ ያመጣውን «ለታይታ ነው» እያሉ፣ አቡ ዐቂል ግማሽ ሷዕ ሲያመጡ ደግሞ «አላህ ከዚህ የተብቃቃ ነው» እያሉ ያፌዙ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። አት-ተውባህ ምዕራፍ 79ኛው አንቀጽ ምን እንዳላቸው ግባና ቅራ። ጥርጣሬ ኪስ መዝጊያ ከሆነ ከስስት የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።

ሒሳብ መጠየቅ ግን ጥርጣሬ አይደለም። ከሪያድ፣ ከጅዳ፣ ከኩዌት፣ ከቤይሩት የምትደውለዋን እህት አስቧት። የራሷን ልጅ ለእናቷ ትታ፣ የሰው ልጅ እያሳደገች ነው። ከኩሽና ውስጥ፣ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «ልጄን አስታወሰኝ» ብላ የወር ደመወዟን ታካፍላለች። ይህ ገንዘብ አማና ነው። ስንት ተሰበሰበ የሚለው ቁጥር ስክሪኑ ላይ በየደቂቃው ይቀያየራል፤ ስንቱ ለማን ደረሰ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ዓመቱም ዞሮ አይነገርም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የስቱዲዮው ኪራይ፣ የአየር ሰዓቱ፣ የሆቴሉ ኢፍጣር ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉን እንደወሰደ የማወቅ መብት አላት። ሒሳቡን በየዓመቱ አስመርምረው ለጀመዓው የሚያነቡ ድርጅቶች አሉ፤ አላህ ያብዛልን። እነሱም ቢሆኑ ከማያነቡት ጋር በአንድ ዓይን መታየታቸው በደል ነው።

ስለዚህ ለዘንድሮው ረመዷን የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ጣቢያዎች ማሰባሰቡን ይቀጥሉ፤ የልጅ ፊት፣ ስምና ሰፈር ግን አይታይ፣ አይነገር። መለመን ካስፈለገ ዓሊሙ ይለምን፣ ኡስታዙ ይለምን፣ ነጋዴው ይለምን፤ ልጁ በዚያ ሰዓት ኳስ ይጫወት። የሚታይ ከጠፋ ባለፈው ዓመት ገንዘብ የተገዛው ወንበር፣ የተከፈለው የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ የተጠገነው ጣሪያ ይታይ። ይህም የለም ከተባለ፣ እሱ ራሱ ትልቅ ዜና ነው።

የመስጂድ ኮሚቴዎች በጀመዓቸው ክልል ያለውን የቲም ይመዝግቡ። መዝገቡ ኮሚቴው ከመረጣቸው ሁለትና ሦስት ታማኝ ሰዎች እጅ አይውጣ፤ በር ላይም አይለጠፍ። የሚለጠፈው ቁጥሩና የሚያስፈልገው ብር ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ሲሚንቶው። ሴቶች በኮሚቴው ውስጥ ይኑሩ፤ ባሏ የሞተባት እናት የቤቷን ጉዳይ ለወንድ ኮሚቴ በር ላይ ቆማ እንድትዘረዝር አናድርጋት። ደዋዮችም ስልኩ ሲነሣላችሁ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ያለፈው ዓመት ገንዘብ ለስንት ልጅ ደረሰ?» በሉ። በቀጥታ ስርጭት ጠይቁ። መልስ ካገኛችሁ ቢስሚላህ ብላችሁ ስጡ። ካላገኛችሁ በሰፈራችሁ ላለው መዝገብ ስጡ። ልጅ እየተለቀሰበት ያለ ፕሮግራም ሲመጣም ጣቢያውን ቀይሩ፤ ለልጆቻችሁም ለምን እንደቀየራችሁ ንገሯቸው።

የቀደሙት ዓመታት ቪዲዮዎችም አሉ። ዛሬም ዩቲዩብ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ከሥራቸውም ማስታወቂያ ይገባባቸዋል። ውስጣቸው ያሉት ልጆች አድገዋል፤ 12ኛ ክፍል የደረሱ፣ ሥራ የሚፈልጉ፣ ለኒካሕ የታጩ አሉባቸው። ጣቢያዎች እነዚህን ቪዲዮዎች ረመዷን ሳይገባ እንዲያወርዱ እንጠይቃለን። የሰፈራችሁ ልጅ በቪዲዮ ውስጥ ካለ ከእናቱ ወይም ከአሳዳጊው ጋር ተማከሩና ጥያቄውን ለጣቢያው በጽሑፍ አቅርቡ። መጻፍ ለሚቸግረው፣ በየመድረሳው ያለን ኡስታዞች ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ እንጽፍለታለን፤ የልጁን ስም በደብዳቤው ላይ መጥቀስ አያስፈልግም፣ የቪዲዮው አድራሻ ይበቃል።